የቡሪቶ ምዘና፤ በአሜሪካ ከተሞች የሜክሲኮ ምግብ ቤቶች ደረጃ አመዳደብና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ማንኛውም ሸቀጥ በገበያ ላይ የሚከበረው ደረጃው ታውቆ ሲቀርብ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ቡና ወደ ውጭ አገር ከመላኩ በፊት ጥሬው በዓይን ታይቶ፣ ተቆልቶና ተፈልቶም በአፍ ተቀምሶ ደረጃ ይመደብለታል፤ ገዥውም ዕቃውን ራሱ ሳያየው በደረጃው ተማምኖ ገንዘቡን ይከፍላል። ተሰናድቶ የሚሸጥ ምግብ ግን እንዲህ ያለ መርማሪ የለውም። የጤና ጥበቃ ሹም የወጥ ቤቱን ንጽሕና ይመረምራል እንጂ ስለ ምግቡ ጣዕም አይፈርድም። ስለዚህ በብዙ አገሮች የምግብ ቤትን ደረጃ የሚመድበው ራሱ ተመጋቢው ሆኗል።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ አገር በየከተማው ባሉት የሜክሲኮ ምግብ ቤቶች የሚሸጠው ቡሪቶ የተባለው ምግብ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በየሰፈሩ የሚገኝና አሠራሩም ከቤት ወደ ቤት የሚለያይ በመሆኑ፣ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ክርክር በገበታ ላይ ብቻ ሳይቀር በቁጥርና በመዝገብ እስከ መመርመር ደርሷል። ከዚህ ቀጥሎ የምዘናው አሠራር፣ ለባለሱቁ የሚያስገኘው ጥቅምና ሊያመጣበት የሚችለው ጉዳት በዝርዝር ይገለጻል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡሪቶ ምን ዐይነት ምግብ ነው?

ቡሪቶ ከስንዴ ዱቄት በስሱ ተዳምጦ በምጣድ በተጋገረ ለስላሳ ቂጣ ውስጥ ሥጋ፣ ቦሎቄና ሌላም ነገር ተጨምሮበት የሚጠቀለል ምግብ ነው። ቂጣው ቶርቲላ ይባላል። «ቡሪቶ» የተባለው ቃል በእስፓንያ ቋንቋ «ትንሽ አህያ» ማለት ሲሆን፣ የምግብ ስም ሆኖ በ1895 በታተመ የሜክሲኮ አነጋገር መዝገበ ቃላት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የሜክሲኮ ሰሜናዊ ክፍል ስንዴ የሚበቅልበት አገር ስለሆነ የስንዴ ቶርቲላ በዚያ የተለመደ ነው፤ በመካከለኛውና በደቡቡ ክፍል ግን የበቆሎው ይበልጣል።

የሰሜን ሜክሲኮ ቡሪቶ በአብዛኛው ትንሽና ቀጭን ሆኖ፣ በውስጡ የሚገባውም አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ ግን ሌላ መልክ ይዟል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሚሽን በተባለው ሰፈር ቶርቲላው ሰፊ ነው፤ እንዲሳብና ሳይቀደድ እንዲጠቀለል በእንፋሎት ይለሰልሳል፤ ከሥጋውና ከቦሎቄው ጋር ሩዝ፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ የተሠራ ማባያ፣ አንዳንድ ጊዜም አቮካዶና የኮመጠጠ ክሬም ይጨመርበታል፤ በመጨረሻም በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቀለላል። የዚህን ዐይነት ቡሪቶ መጀመሪያ የሸጥነው እኛ ነን የሚሉ ሁለት ቤቶች አሉ። ኤል ፋሮ የተባለው ሱቅ ቀኑን ሴፕቴምበር 26 ቀን 1961 ነው ሲል፣ ላ ኩምብሬ የተባለው ደግሞ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1969 ነው ይላል።

በዚያው ሰፈር በ1973 የተከፈተው ላ ታኬሪያ የተባለው ቤት ግን በቡሪቶው ውስጥ ሩዝ አይጨምርም፤ ሥጋው፣ ቦሎቄውና ማባያው ይበቃል የሚል ልማድ አለው። ተመጋቢው ከጠየቀም የተጠቀለለውን ቡሪቶ እንደገና በብረት ምጣድ ላይ አገላብጦ ውጭውን ቡናማ ያደርግለታል። ወደ ደቡብ በሜክሲኮ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በሳን ዲዬጎ ከተማ ደግሞ «የካሊፎርኒያ ቡሪቶ» የሚባለው ሩዝና ቦሎቄ የሌለበት፣ በተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ በፎርማጆና በተጠበሰ ድንች የተሞላ ነው። እንግዲህ ስሙ አንድ ቢሆንም ሸቀጡ ብዙ ዐይነት መሆኑን አንባቢ ያስተውላል።

ስሙ ሳይወሰን ደረጃ አይመደብም

የስም ነገር ቀላል መስሎ ቢታይም በንግድ ላይ ብዙ ክርክር ያስነሣል። በ2006 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ ፍርድ ቤት አንድ እንዲህ ያለ ጉዳይ ቀርቦ ነበር። ዳቦና ሳንድዊች የሚሸጥ አንድ ድርጅት በገበያ ማዕከል ውስጥ ቤት ሲከራይ፣ አከራዩ ሳንድዊች ለሚሸጥ ለሌላ ነጋዴ በዚያው ማዕከል ቤት እንዳያከራይ በውል አስገብቶ ነበር። በኋላ አከራዩ ለአንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ለማከራየት በመነሣቱ፣ ቡሪቶ ሳንድዊች ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነገር ለዳኛ ቀረበ። ዳኛውም ሳንድዊች በሁለት ቁራጭ ዳቦ መካከል የሚደረግ ምግብ ሲሆን ቡሪቶ ግን በአንድ ቶርቲላ የተጠቀለለ ስለሆነ ሳንድዊች አይደለም ብለው ፈረዱ።

ይሁን እንጂ በ2024 በኢንዲያና ግዛት በፎርት ዌይን ከተማ በቀረበ ሌላ ጉዳይ ላይ ዳኛው ታኮና ቡሪቶ «በሜክሲኮ አሠራር የተዘጋጁ ሳንድዊቾች» ናቸው ብለው ወሰኑ። በዚህም ውሳኔ፣ በስምምነት ለሳንድዊች ቤት ብቻ በተፈቀደ ቦታ ላይ የሜክሲኮ ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ለመክፈት ተቻለ። የኒውዮርክ ግዛት የቀረጥ መሥሪያ ቤትም ለሽያጭ ቀረጥ ሲል ቡሪቶን ከሳንድዊች ጋር ይቆጥረዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በውል ውስጥ የሚጻፍ የሸቀጥ ስም ትርጓሜው አብሮ ካልተጻፈ፣ ትርጓሜውን በኋላ የሚሰጠው ዳኛ ነው።

የደረጃ ምደባም እንዲሁ ነው። ሩዝ የሌለበትን ቡሪቶ ሩዝ ካለበት ጋር አወዳድሮ «ሩዝ ጎድሎታል» ብሎ ነጥብ መቀነስ፣ የታጠበ ቡና መዝኖ «እንዳልታጠበው አይደለም» ብሎ እንደ መንቀፍ ይሆናል። መዛኙ አስቀድሞ የትኛውን ዐይነት ከየትኛው ጋር እንደሚያወዳድር መወሰን አለበት።

በ2014 የተደረገው አገር አቀፍ ውድድር

ስለ ምዘናው አሠራር ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው በ2014 በአሜሪካ የተደረገው ውድድር ነው። ይህን ያዘጋጀው ኔት ሲልቨር የተባለው የስታቲስቲክስ ዐዋቂ የመሠረተውና እስከ 2025 ድረስ የቆየው «ፋይቭ ሠርቲ ኤይት» የተባለው የዜና ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ስሙ የታወቀው የምርጫ ውጤትን በቁጥር አስቀድሞ በመገመት ሲሆን፣ ያንኑ ዘዴ ወደ ምግብ አመጣው።

በመጀመሪያ ደንበኞች በኢንተርኔት አስተያየታቸውን ከሚሰጡበት «የልፕ» ከተባለው ድርጅት በመላው አገሪቱ ቡሪቶ የሚሸጡ የ67,391 ቤቶች መዝገብ ተወሰደ። ነገር ግን የኮከብ ብዛት ብቻውን አይታመንም። ለምሳሌ ያህል አንድ ሱቅ ሦስት ሰዎች ብቻ መስክረውለት ከ5 ኮከብ 5ቱንም ቢያገኝ፣ ሌላው ደግሞ አንድ ሺህ ሰዎች መስክረውለት 4 ተኩል ቢያገኝ፣ ይበልጥ ሊታመን የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ሦስት ምስክሮች የባለሱቁ ዘመዶች ሊሆኑ ይችላሉና። ስለዚህ ምስክሩ ያነሰው ሱቅ ነጥቡ ወደ መካከለኛው ግምት እንዲሳብ፣ ምስክሩ የበዛው ግን በነጥቡ እንዲጸና ተደርጎ ሒሳቡ ተሠራ።

ከዚህ በኋላ ምግብ አብሳዮች፣ የምግብ ታሪክ ዐዋቂና ጸሐፊዎች ያሉበት አንድ ኮሚቴ ቁጥሩንና የራሱን ዕውቀት አመሳክሮ 64 ቤቶችን መረጠ፤ እነዚህም ከአራት የአገሪቱ ክፍሎች ከእያንዳንዱ 16 ሆነው የተወሰዱ ናቸው። አና ማሪያ ባሪ ጄስተር የተባለችው ጋዜጠኛ ወደ እነዚህ ቤቶች እየተጓዘች ቡሪቶውን ቀመሰች። ነጥቡ ከ100 የሚሰጥ ሆኖ በአምስት ተከፍሎ ነበር፤ ይኸውም ለቶርቲላው 20፣ ለሥጋው ወይም ለዋናው መሙያ 20፣ ለሌሎቹ መሙያዎች 20፣ ለመልኩ 20፣ ለጠቅላላው ጣዕም 20 ነው። በመጨረሻ የቀሩት አራት ቤቶች ከሳን ፍራንሲስኮ፣ ከሎስ አንጀለስ፣ ከኤል ፓሶና ከኒውዮርክ ብሮንክስ ሲሆኑ፣ አንደኛ የወጣው ከላይ የተጠቀሰው፣ ሩዝ የማይጨምረው ላ ታኬሪያ ነው። ያሸነፈበትም ቡሪቶ በራሱ ስብ ቀስ ብሎ በስሎ በለሰለሰ የአሳማ ሥጋ የተሞላው ነበር።

በዚህ ውድድር ሊታወስ የሚገባው አሸናፊው ማን መሆኑ ብቻ አይደለም። ነጥቡ ተከፋፍሎ መሰጠቱ ለባለሱቁ ታላቅ ጥቅም አለው። «ምግብህ አልጣመኝም» የሚል ደንበኛ ለባለሱቁ ኀዘን እንጂ ዕውቀት አይሰጠውም፤ «ሥጋህ መልካም ነው፤ ቶርቲላህ ግን ደርቋል» የሚለው ግን ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል።

በሳን ዲዬጎ የተደረገው ዐሥር መለኪያ

ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በሳን ዲዬጎ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጎል አሠራር ያጠና የነበረ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር የከተማውን ቡሪቶዎች በዐሥር መለኪያ መመዝገብ ጀመረ። መለኪያዎቹም መጠን፣ የቶርቲላው ጥራት፣ ትኩስነት፣ የሥጋው ጥራት፣ የሌላው መሙያ ጥራት፣ የሥጋውና የመሙያው ምጣኔ፣ መሙያው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መዳረሱ፣ የማባያው ጥራት፣ የጣዕሞቹ መስማማትና ጥቅሉ ሳይፈታ እስከ መጨረሻ መቆየቱ ናቸው። ከመጠን በስተቀር ሌሎቹ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣቸዋል።

መጠኑ ግን የሚገኘው በግምት ሳይሆን በሜትር ነው። የቡሪቶው ርዝመትና ዙሪያ ይለካና ቡሪቶው እንደ ድብልብል በትር ተቆጥሮ ይዘቱ ይሰላል። ለምሳሌ ርዝመቱ 20 ሳንቲሜትር፣ ዙሪያው 22 ሳንቲሜትር የሆነ ቡሪቶ ይዘቱ 770 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ያህል ነው። ርዝመቱ እኩል ሆኖ ዙሪያው 20 ሳንቲሜትር ቢሆን ግን ይዘቱ 637 ያህል ብቻ ይሆናል። በዙሪያው ላይ የታየው ልዩነት 2 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ የምግቡ ልዩነት ከመቶ 17 እጅ ደርሷል። ሁለቱ ቡሪቶዎች በአንድ ዋጋ ቢሸጡ ዓይን በቶሎ ላይለየው ይችላል፤ ሜትር ግን ይለየዋል። በሚዛንና በመስፈሪያ የሚነግድ ሰው ይህን ነገር ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ደረጃው በገንዘብ ሲተመን

ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በ2011 በሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ማይክል ሉካ የተባሉት ሊቅ የሲያትል ከተማ ምግብ ቤቶችን ገቢና «የልፕ» ላይ ያገኙትን ኮከብ አመሳክረው፣ የአንድ ኮከብ ጭማሪ ገቢን ከመቶ 5 እስከ 9 እጅ ከፍ እንደሚያደርግ ገልጸዋል። በ2012 ደግሞ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የኤኮኖሚ ሊቃውንት በሳን ፍራንሲስኮ ምግብ ቤቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የግማሽ ኮከብ ጭማሪ ያገኘ ቤት ምሽት ላይ ገበታው ቀድሞ ተይዞ የሚያልቅባቸው ቀኖች ከመቶ በ19 ያህል እንደሚበዙ አሳይተዋል።

የጥናቱ ዘዴ ብልኅነት ያለበት ነው። «የልፕ» በዚያን ጊዜ የደንበኞቹን አማካይ ነጥብ ወደ ቅርቡ ግማሽ ኮከብ አጠጋግቶ ያሳይ ነበር። ስለዚህ አማካዩ 3.24 የሆነ ቤት 3 ኮከብ፣ አማካዩ 3.26 የሆነ ቤት ደግሞ 3 ተኩል ኮከብ ሆኖ ይታይ ነበር። የሁለቱ ምግብ በእውነት እኩል ነበር ለማለት ይቻላል፤ ገበያቸው ግን አንድ አልነበረም። ልዩነቱን ያመጣው የምግቡ ጣዕም ሳይሆን በበሩ ላይ የተሰቀለው ምልክት ነው ማለት ነው።

ከሉካ ጥናት ውስጥ ባለሱቅን በተለይ የሚመለከተው ሌላው ነገር፣ የኮከቡ ጥቅም የሚታየው በየብቻቸው በሚሠሩት ቤቶች ላይ እንጂ ብዙ ቅርንጫፍ ባላቸው ላይ አለመሆኑ ነው። በ1993 በዴንቨር ከተማ አንድ ሱቅ ከፍቶ የሚሽን ሰፈሩን ዐይነት ቡሪቶ መሸጥ የጀመረው ቺፖትሌ ዛሬ ከ3,000 የሚበልጡ ቅርንጫፎች አሉት። ወደ እርሱ የሚገባ ደንበኛ የሚያገኘውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ስሙ ራሱ ዋስትና ይሆነዋል። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር የሚሠሩበት የሰፈር ሱቅ ግን ለማያውቀው መንገደኛ ዋስ የለውም፤ ዋሱ ቀድሞ የበላው ሰው ምስክርነት ነው። እንግዲህ ትክክለኛ ምዘና ትንሹን ነጋዴ ከትልቁ ጋር እኩል ያቆመዋል፤ ትክክለኛ ያልሆነው ግን እንጀራውን ይነጥቀዋል።

ስለ ሐሰተኛ ምስክርነት

ገንዘብ ባለበት ማታለል አይጠፋም። ሉካና ዘርቫስ የተባሉት ሊቃውንት በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተን ከተማ ስለ ምግብ ቤቶች «የልፕ» ላይ ከተጻፉት አስተያየቶች ከመቶ 16 እጅ ያህሉ ድርጅቱ ራሱ አጠራጣሪ ናቸው ብሎ ለይቶ ያስቀመጣቸው መሆናቸውን ገልጸዋል። ስሙ ገና ያልጠና ቤት ራሱን ለማመስገን፣ ብርቱ ተወዳዳሪ የመጣበትም ተወዳዳሪውን ለመንቀፍ ይፈተናል። በዚህ የተነሣ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሐሰተኛ አስተያየት መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ፣ ደንቡ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ጸንቷል፤ የተላለፈውም ብርቱ የገንዘብ መቀጫ ያገኘዋል።

ከቡና ቅምሻ ጋር ሲነጻጸር

የቡሪቶ ምዘና ከቡና ቅምሻ ሊማር የሚገባው ነገር አለ። በዓለም አቀፍ የቅምሻ ልማድ ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ተቀድቶ ይቀመሳል፤ ይህም አንዱ ሲኒ ከሌላው ቢለይ ጕድለቱ እንዲታይ ነው። ቀማሾቹም ፍርዳቸው እንዳያዳላ የናሙናው ባለቤት ማን እንደ ሆነ ሳይነገራቸው ይቀምሳሉ። ቡሪቶ መዛኙ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ቤቱ የሚገባው ስሙን አንብቦ፣ ሰልፉን አይቶና ተርቦ ነው። አንድ ቀን ብቻ ቀምሶም ይፈርዳል፤ በዚያ ቀን ግን ዋናው አብሳይ ታምሞ ወይም ሥጋው ዘግይቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም በሚገባ መመዘን የሚፈልግ ሰው የሚከተሉትን ቢጠብቅ ፍርዱ ይታመናል። አንደኛ፣ አንዱን ዐይነት ከዚያው ዐይነት ጋር ያወዳድር። ሁለተኛ፣ በሁሉም ቤት አንድ ዐይነት ሥጋ ይዘዝ፤ በአንዱ የበሬ፣ በሌላው የዶሮ አዝዞ ማወዳደር አይቻልም። ሦስተኛ፣ በልዩ ልዩ ቀንና ሰዓት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይመለስ። አራተኛ፣ የበላበትን ሒሳብ ራሱ ይክፈል፤ መጋበዝ አንደበትን ያለሰልሳልና። አምስተኛ፣ ነጥቡን ከፋፍሎ ምክንያቱን ይጻፍ፤ ዋጋውንና መጠኑንም አብሮ ያስታውቅ።

ባለሱቁም በበኩሉ የሚጠበቅበት ሥራ አለ። ነቀፌታ በተጻፈበት ጊዜ ከመቈጣትና ዘመድ አሰባስቦ ከማስመስከር ይልቅ፣ ነቀፌታውን በየዐይነቱ በመዝገብ ላይ ያስፍር። ስለ አንድ ነገር አንድ ሰው ቢነቅፍ የአንድ ሰው ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ዐሥር ሰዎች «ቀዝቅዞ ቀረበልን» ካሉ ግን የሚጠገነው ምድጃው ነው። በማግሥቱም ያው ምግብ በያው መጠንና በያው ትኩስነት እንዲቀርብ ማድረግ አለበት፤ ደንበኛ በሁለተኛው ቀን የሚመጣው በመጀመሪያው ቀን ያገኘውን ፍለጋ ነውና።

ይህ ደንብ ለቡሪቶ ሻጭ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ቦሎቄ ለሚልክ፣ ጨርቅ ለሚያስመጣ፣ በችርቻሮ ለሚሸጥም ያው ነው። ደረጃ የሚባለው ነገር የማይተዋወቁ ሻጭና ገዥ የሚተማመኑበት ቃል ነው፤ ቃሉም የሚከበረው መለኪያው ታውቆ፣ ሚዛኑ ሳያዳላ፣ ናሙናውና የተላከው ዕቃ አንድ ሆነው ሲገኙ ብቻ ነው።